የሁለት ግራም ጣጣ

እንደው ይህ ሊድ ቴፕ የሚሉት ነገር ስንቱን ጨዋ ሰው ነጭናጫ አደረገው! ጎልፍ የሚጫወት ሰው ድሮም ማማረሪያ አያጣም። ንፋሱ አለ፣ ሣሩ አለ፣ የጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሳ የምትመለስ ኳስ አለች። እነዚህ ግን የጨዋታው የራሱ ጣጣዎች ናቸውና ሰው ተማርሮም ይረሳቸዋል። የማይረሳው ሌላ ነው፤ ስንት መቶ ዶላር የከፈለበትን ድራይቨር (ረጅሙን የመነሻ መምቻ ዱላ) ገልብጦ፣ ሆዱ ላይ የለጠፋትን ግራጫ ቁራጭ በአውራ ጣቱ እያሸ «ምነው ተነሣች? በደንብ ይዛልኝ ነበር እኮ» የሚልበትን ቀን ነው። አጠገቡ የቆመው ጓደኛውም አያጽናናውም፤ ዝም ብሎ የራሱን ዱላ ገልብጦ ያያል።

ጎልፍ ለማይጫወት አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ሊድ ቴፕ ከእርሳስ ማዕድን የተዳመጠ፣ ጀርባው ሙጫ የተቀባ፣ ተጠቅልሎ የሚሸጥ ስስ ጥብጣብ ነው። የተለመደው ዓይነት ወርዱ ግማሽ ኢንች ሲሆን፣ አራት ኢንቹ ማለትም ዐሥር ሳንቲሜትር ያህሉ 2 ግራም ይመዝናል። እርሳስ የተመረጠው ስለሚከብድ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር እርሳስ ከ11 ግራም ያልፋል፤ ብረት በዚያው መጠን 8 ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በጠባብ ቦታ ላይ ክብደት ለመጨመር ይመቻል፤ በመቀስ ይቆረጣል፣ በጥፍር ይለሰናል፣ ካልተስማማ ይላጣል። ሲያወሩት እንዲህ ያለ ቀላል መላ የለም።

«ታዲያ ዱላው አዲስ ከሆነ ምን ጎድሎት ነው የሚለጠፍበት?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ልክ ነው፤ እኛም ሻጮቹን ስንጠይቅ የኖርነው ይህንኑ ነው። ዘንጉ ከብረት ይሠራ በነበረበት ዘመን የድራይቨር ርዝመት 43 ኢንች ገደማ ነበር። ዛሬ ከሱቅ የሚወጣው 45 ኢንች ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ዘንጉ ሲረዝም የዱላው ራስ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ኳሷ ትርቃለች፣ ስትርቅ ዱላው ይሸጣል። ኳሷ የራቀችው ወደ ጫካው ይሁን ወደ ሜዳው በማስታወቂያው ላይ አይጻፍም። የጨዋታው ሕግ ከፑተር (ኳስ ወደ ጉድጓድ ከሚያንከባልሉበት ዱላ) በስተቀር ማንኛውም ዱላ ከ48 ኢንች እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የታላላቅ ፕሮፌሽናሎች ውድድር አዘጋጆች ወሰኑን 46 ላይ እንዲያደርጉ ተፈቅዶላቸዋል። በቴሌቪዥን የምናያቸው ብዙዎቹ ባለሙያዎች ራሳቸው ለእኛ ከሚሸጥልን ያጠረ ድራይቨር ነው የሚይዙት። ቀን ሙሉ ሥራው ኳስ መምታት የሆነ ሰው ያሳጠረውን ዱላ፣ ቅዳሜ ብቻ ሜዳ የሚረግጥ ሰው አስረዝሞ እንዲይዝ የተፈረደበት ለምን እንደሆነ የሚነግረን የለም።

ሰውዬው ታዲያ ምን ያደርጋል? ያስቆርጠዋል። አንድ ኢንች ሲቆረጥለት ዱላው ይታዘዝለታል፤ ኳሷ መሐል ፊቱን ማግኘት ትጀምራለች። ግን ዱላው ራስ ያለው አይመስልም። ሲያወዛውዙት ባዶ ሸንበቆ የያዙ ያህል ይቀላል፤ የት እንደደረሰ አይታወቅም፤ እጅ ይቸኩላል። በባለሙያዎቹ ስሌት ግማሽ ኢንች ሲያጥር ሦስት ነጥብ ያህል ስዊንግ ዌይት ይወርዳል፤ አንድ ኢንች ስድስት ነጥብ ይወስዳል ማለት ነው። አንዱን ነጥብ ለመመለስ ራሱ ላይ 2 ግራም ያስፈልጋል። ስድስት ነጥብ 12 ግራም ነው። 12 ግራም ደግሞ በግማሽ ኢንቹ ጥብጣብ ሲለካ 24 ኢንች፣ ከስልሳ ሳንቲሜትር በላይ ነው። ስልሳ ሳንቲሜትር እርሳስ በአንድ ድራይቨር ሆድ ላይ! ተደራርቦ ተደራርቦ ሲያልቅ ዱላው ከአደጋ የተረፈ መኪና መስሎ ቁጭ ይላል። ቀለሙን የመረጠው ሰው ቢያየው ያለቅሳል።

ይህን ስዊንግ ዌይት የሚሉትን ነገር ደግሞ ተዉት። ሮበርት አዳምስ የተባለ ሰው በ1920ዎቹ ያወጣው ሚዛን ነው። ዱላው ይጋደማል፤ ከእጀታው ጫፍ 14 ኢንች ላይ መደገፊያ ይገባለታል፤ ወደ ራሱ ወገን ምን ያህል እንደሚያዘነብል ይነበባል። ውጤቱ በፊደልና በቁጥር ይነገራል፤ ከኤ ተነሥቶ እስከ ጂ ይሄዳል። የወንዶች ዱላ አብዛኛውን ጊዜ ከዲ 0 እስከ ዲ 3 ባለው ውስጥ ነው፣ የሴቶች ሲ ውስጥ። ሱቅ ገብተህ ስለ ክብደት ስትጠይቅ «ዲ 2 ነው» ይሉሃል፤ ሌላውን ስታነሣ «እሱም ዲ 2 ነው» ይሉሃል። ሁለቱን ስትይዛቸው ግን አንዱ ከባድ የብረት ዘንግ ያለው ነው፣ ሌላው ቀላል ግራፋይት፤ በመካከላቸው በዐሥሮች የሚቆጠር ግራም ልዩነት አለ። ሚዛኑ ያየው ማዘንበሉን እንጂ ክብደቱን አይደለም። እኛ ደግሞ ዱላውን መደገፊያ ላይ አጋድመን አንጫወትም።

ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት አሉ፣ ከኛ ጋር የሚጫወቱ። ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ስለያዛቸው ወፍራም እጀታ አስገጠሙ፤ ለታመመ ጣት የሚመከረውም እሱ ነው። መደበኛ እጀታ 50 ግራም ገደማ ነው፤ የሳቸው አዲሱ 75 ሆነ። ጠጋኙ ልጅ ሥራውን ሲጨርስ ዱላውን ሚዛኑ ላይ ጣለውና ፊቱ ጨለመ። በእጀታው በኩል 5 ግራም በተጨመረ ቁጥር አንድ ነጥብ ያህል ይወርዳልና ዲ 2 የነበረው ሲ 7 ሆኖ ተገኘ። «ጋሼ፣ ዱላዎ ቀሏል፤ ራሱ ላይ 10 ግራም ሊድ ቴፕ ልለጥፍልዎት» አላቸው። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ እጄ ደከመ ብዬ ነው እዚህ የመጣሁት። በዚህ በኩል 25 ግራም ጫናችሁብኝ፣ አሁን ቀለለ ብላችሁ በዚያ በኩል 10 ልትደርቡብኝ ነው?» አሉት። ልጁ አልዋሸም፤ ሚዛኑ ያለውን ነው ያለው። ጋሼም አልተሳሳቱም። ጥፋቱ ወደ መቶ ዓመት የተጠጋውን ሚዛን ዛሬም የሁሉ ነገር ዳኛ አድርጎ ያስቀመጠው ልማድ ላይ ነው።

ከሚዛኑ የሚብሰው መካሪው ነው። ሊድ ቴፕ እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ድስቱ አጠገብ ያለፈ ሁሉ ይቀምስና «ትንሽ ጨምሩበት» ይላል። አንዱ ኳሷ ወደ ቀኝ እየተጠመዘዘች አስቸገረችኝ ስትለው «ተረከዙ ላይ ለጥፍበት፣ ራሱ ቶሎ ይዞርልሃል» ይልሃል። ሁለተኛው ይመጣና «የለም፣ ተረከዙ ላይ ከሆነ ፊቱ ይዘጋብሃል፣ ጀርባው ላይ አድርገው፣ ከፍ ብላ ትበርልሃለች» ይላል። ሦስተኛው ጭራሽ እጀታው ሥር ካልሆነ ዋጋ የለውም ብሎ ይከራከራል። ሦስቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ሦስቱም የለጠፉ ቀን ጥሩ መትተዋል። በማግስቱ ስለመቱት ግን አያነሡም።

እስቲ በሒሳብ እንየው። የድራይቨር ራስ 200 ግራም ያህል ነው። ከክብደቱ መሐል 5 ሳንቲሜትር ርቀህ ተረከዙ ላይ 4 ግራም ብትለጥፍ፣ የክብደቱ መሐል የሚንቀሳቀሰው አንድ ሚሊሜትር ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ይጎድለዋል። ስምንት ኢንች እርሳስ ለአንድ ሚሊሜትር! የኛ ሰው ደግሞ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ኳሷን የሚያገኝበት ቦታ በሳንቲሜትሮች ይለያያል። አንዴ በጫፉ፣ አንዴ በተረከዙ፣ አንዴ በላዩ ይመታል። አንድ ሚሊሜትር እዚህ ውስጥ ገብታ ምን ትፈይዳለች? ጎበዝ ተጫዋች፣ ደጋግሞ እዚያው ቦታ ላይ የሚያገኝ ሰው፣ ልዩነቷን ያያት ይሆናል። ለሌሎቻችን ግን ወደ ቀኝ ለሚጠመዘዝ ኳስ በአራት ግራም እርሳስ መድኃኒት አገኛለሁ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ይህን ደፍሮ የሚናገር ስለሌለ ጥቅሉ ይሸጣል።

ሆኖም ስሜቱ ውሸት ነው አልልም፤ እንደዚያማ ቢሆን ማን ይደክም ነበር። ኤርንስት ዌበር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰዎች እጅ ላይ ክብደት እያኖረ ፈትኖ የደረሰበት ነገር አለ። ሰው ልዩነት የሚሰማው በተጨመረው ግራም ልክ ሳይሆን፣ የተጨመረው ቀድሞ ከነበረው ጋር ባለው ንጽጽር ነው። ሙሉ ድራይቨር 300 ግራም አልፎ ይመዝናል፤ እዚያ ላይ 2 ግራም ማለት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። አብዛኞቻችን ዓይናችን ተሸፍኖ ቢሰጠን የምንለየው አይመስለኝም። 8 ግራም፣ 10 ግራም ሲሆን ግን፣ ያውም ከእጅ ርቆ በዘንጉ ጫፍ ላይ፣ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ዱላው ወደ ኋላ ሲሄድ ራሱ የት እንዳለ ይታወቃል፤ እጅ መቸኮሉን ይተዋል፤ ምቱ ይረጋጋል። የሊድ ቴፕ እውነተኛ ጥቅም ይኸው ነው፣ ኳሷን ማቅናት ሳይሆን ሰውዬውን ማረጋጋት። ይህን ጥቅም ስላየን ነው እንግዲህ ላንተወው የታሰርነው። ባይጠቅም ኖሮ በተገላገልን።

ቢይዝልንማ ጥሩ ነበር። አይዝም! እኛ በምንኖርበት በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም፣ የበጋው ወበቅ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ቦርሳውን መኪናው ኋላ ላይ ጥለህ ሥራ ትገባለህ፤ ስትመለስ ሙጫው ላብ አልቦት እርሳሱ ተንሸራቷል። አንዳንዱ የዱላውን ኮፍያ ስታወልቅ አብሮ ይወልቃል፤ ኮፍያው ውስጥ ገብቶ ይጣበቅና ሜዳ ላይ ስትፈልገው ትውላለህ። አይረን በሚባለው የብረት ዱላ ጀርባ ላይ የተለጠፈው እርጥብ ሣርና አፈር ይሰነቀርበታል። ከአሸዋ ውስጥ በሚመቱበት ዌጅ ላይ የተለጠፈውን አሸዋው ጠርዙን እየፋቀ ያነሣዋል። ኢስት ፖቶማክ የተጫወተ ሰው የምለው ይገባዋል። ሜዳው በፖቶማክ ወንዝና በዋሽንግተን ቻነል መካከል የተዘረጋ ዝቅተኛ መሬት ስለሆነ ዝናብ በጣለ ማግስት ውኃው እግር ሥር ይንቦጫረቃል። እዚያ ዐሥራ ስምንት ጉድጓድ ጨርሶ የለጠፈውን ሁሉ ይዞ የተመለሰ ሰው ካለ እንዴት እንዳደረገው ይንገረን። «ቦታውን በአልኮል ጠርገው፣ አድርቀው፣ በማንኪያ ጀርባ ተጭነው» ይላሉ። ጠርገናል፣ አድርቀናል፣ ተጭነናል።

የላንግስተን አዛውንቶች ብቻ ናቸው እንዲህ ሲማረሩ የማልሰማቸው። ላንግስተን በ1939 የተከፈተ የዋሽንግተን ሜዳ ነው፤ ዘር በሚለይበት በዚያ ዘመን ለጥቁር ተጫዋቾች ተብሎ ነው የተሠራው። እዚያ ከሚያዘወትሩት ሽማግሌዎች የአንዳንዶቹ አይረን ጀርባ ላይ ያለው እርሳስ ጠቁሮ፣ ተለስኖ፣ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል፤ የት እንደጀመረ የት እንዳለቀ አይለይም። ሚስጥሩን የጠየቅኳቸው አንድ ሰው «ከለጠፍኩት በኋላ አልነካሁትም» ብለው አለፉኝ። እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም። እኛ ግን በየሳምንቱ አዲስ ዱላ፣ አዲስ ምክር፣ አዲስ ጥቅል ነው።

አሁን ደግሞ ሕጉን ስሙት። ጨዋታ ከመጀመርህ በፊት የፈለግከውን ያህል እርሳስ መለጠፍ ትችላለህ፤ የሚከለክልህ የለም። መጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ከተነሣህ በኋላ ግን የዱላውን ጠባይ ሆን ብለህ መለወጥ ክልክል ነው፣ መጨመርም መቀነስም። ደንብ 4.1 በዚህ ቀልድ አያውቅም፤ ለውጠኸው ከመታህበት ከውድድሩ ትወጣለህ። በጨዋታው መካከል በራሱ ጊዜ የተነሣ ከሆነ እዚያው ቦታው ላይ መልሰህ መለጠፍ ይፈቀድልሃል፤ አልያዝ ካለህም በሌላ ቁራጭ ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ ትችላለህ፤ ወይም ያለ እርሳስ ትቀጥላለህ። ሕጉ ለጋስ ነው ልትል ትችላለህ። ግን እስቲ አስበው፣ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ፣ ከኋላህ አራት ሰው ወገቡን ይዞ እየጠበቀህ፣ አንተ ተንበርክከህ ሣር ውስጥ ሁለት ግራም ስትፈልግ! አግኝተኸው ስትለጥፈው ደግሞ አንዱ ጠጋ ብሎ «እዚያው ቦታ ላይ ነው የመለስከው?» ይልሃል። ለአንድ ሳጥን ኳስ በሚደረግ የቅዳሜ ጨዋታ የሕግ ሊቅ የሚሆን ሰው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ግን ይመጣል።

በፑተር ላይ ሕጉ ይብሳል። ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት የተላጨ ሣር) ዘገምተኛ ነው፤ ኳሷ ግማሽ መንገድ ላይ ትቆማለች፤ ከበድ ያለ ፑተር ያስመኛል። ስድስት ሰባት ጉድጓድ አልፈህ ፀሐዩ ሲጠነክር፣ ሣሩ ደርቆ ያው ፑተር ኳሷን አሳልፎ ይጥልሃል። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የተባለው አሜሪካዊ በ1935 የግሪን ፍጥነት መለኪያ የሠራው እንዲህ ያለውን ልዩነት በቁጥር ለመያዝ ነው። መለኪያው ኖረ፣ ልዩነቱ ታወቀ፤ አንተ ግን ጠዋት የለጠፍከውን ተሸክመህ ትጨርሳለህ።

ስለ እጃችን ደግሞ ማንም ግድ የለውም። እርሳስ ጊዜ ሲያገኝ ይጠቁራል፤ የጠቆረውን ስትነካው ጣትህ ላይ ግራጫ ይቀራል፤ ፎጣው ይበላሻል፣ ሱሪው ይበላሻል። ይህ ቀላሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን ይህ ነው ተብሎ የሚታወቅ የለም ይላል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። አሜሪካ ለቤት የሚሆን እርሳስ ያለበት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው። ብረቱን በቆዳ መንካቱ ብቻ ብዙም አይጎዳም፤ አደጋው ከእጅ ወደ አፍ ሲሄድ ነው። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ነን! ዘጠኝ ጉድጓድ ተጫውተን ጥላ ሥር ቁጭ ስንል ቦርሳ ኪስ ውስጥ ያለችው ዳቦ ቆሎ ትወጣለች፤ ያው ሊድ ቴፕ ሲያሽ የነበረው ጣት ይዘግናል፣ ለጓደኛውም ይሰጣል። ቤት ሲገባም እርሳሱ የተቆረጠበት መቀስ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወረቀት የሚቆርጠው መቀስ ነው፤ የተመዘነበትም ሚዛን ወጥ ቤት ያለችው ናት። ባለቤቴ ሚዛኗ ላይ ግራጫ ፍርፋሪ ያየች ቀን የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ጥቅሉ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፣ የለም አይባልም፤ ማጉያ መነጽር ያስፈልገዋል እንጂ።

«ታዲያ ለምን ዘመናዊውን አትይዙም?» ይሉናል። ዘመናዊው በብሎን የሚታሰር ክብደት ነው። ቴይለርሜድ የተባለው ኩባንያ በ2004 አር 7 ኳድ የተባለውን፣ ክብደቱ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ድራይቨር ካወጣ ወዲህ ነገሩ ተለምዷል፤ ዛሬ ብዙው ድራይቨር ሆዱ ላይ ብሎን አለው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አፈጻጸሙን ግን እዩት። የአንዱ ኩባንያ ብሎን ለሌላው አይገባም። ይባስ ብሎ ያው ኩባንያ አምና የሠራው ለዘንድሮው የማይገባበት ጊዜ አለ። መፍቻው ይለያያል፤ ቦርሳችን ውስጥ የመፍቻ ክምር ከኳሱ ይበልጣል። ዱላው ይዞት የሚመጣው ክብደት አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ሌላ መጠን ከፈለግህ ለብቻው ትገዛለህ፣ ለጥቂት ግራም ብረት ስንት እንደሚጠየቅ ያየ ሰው ወደ እርሳሱ ይመለሳል። ተንግስተን ቴፕ የሚባልም አለ፤ እጅ አያጠቁርም፣ እንደ እርሳስ አያስፈራም፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ሆት ሜልት የሚሉት ደግሞ በዱላው ራስ ውስጥ የሚረጭ አጣባቂ ሙጫ ነው፤ ድምፁን ያፍነዋል፣ ክብደትም ይጨምራል። አንዴ ከገባ ግን እንደ እርሳሱ ልጠህ አትጥለውም፤ ጨምርልኝ ማለት ቀላል ነው፣ አውጣልኝ ማለት ነው ጭንቁ።

ስለዚህ ዞረን ዞረን እዚያችው ጥቅል ላይ ነን። የሚያናድደውም ይህ ነው። ኢንዱስትሪው በካርቦንና በታይታኒየም፣ በኮምፒዩተር ስሌትና በፈጣን ካሜራ የተራቀቀ ነው ይባላል፤ ተራቅቆም ዱላውን ለባለቤቱ የሚያስማማው በመቀስ የተቆረጠ እርሳስ ሆኖ ቀርቷል። በየዓመቱ ፊቱ በስንት እጅ እንደቀጠነ፣ ቀለሙ በምን እንደተለወጠ ይነግሩናል። የዱላው ራስ ክብደት ስንት ግራም እንደሆነ ግን ስንጠይቅ «ዲ 2» ነው መልሱ።

እናንተ ዱላ የምትሠሩና የምትሸጡ ሰዎች፣ ይህች ጽሑፍ ብትደርሳችሁ የምንጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ዱላው አንገት ላይ ስማችሁን በምትጽፉበት ቦታ አጠገብ የራሱን ክብደት፣ የዘንጉን ክብደትና የእጀታውን ክብደት በግራም ጻፉልን። ሦስት ቁጥር ነው። ባጠረ ዘንግ የሚጫወት ሰው እንዳለ አስቡና ለሱም የሚሆን ከበድ ያለ ራስ አቅርቡ። ብሎኑንም አንድ ዓይነት አድርጉት። ይህን እስክታደርጉ ድረስ ቢያንስ የቴፑን ሙጫ የዋሽንግተንን ሐምሌ የሚችል አድርጉልን።